የሴቶች መኝታ ቤት ውሃ

የብርጓልን ያወቅኋት አንበሳሜ ከተማ አብረን ስናስተምር ነው። ሒሳብ ታስተምር ነበር። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ሳቋም ትንሽ ነበር፤ ቂም ግን አትረሳም። አባቷ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ከጣና ደሴቶች ባንዱ ድጓ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ይህን ታሪክ ራሷ ነች የነገረችኝ፤ አንዲት ቃል ሳታለሳልስ።

በ1975 ዓ.ም. ባሕር ዳር ኮሌጅ ገብታ ስትማር፣ ከጥር ጀምሮ የሴቶች መኝታ ቤት ቧንቧ ደረቀ። ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ሐይቁ ዳር ይወርዳሉ፤ ደንገሉን ገፍተው፣ ከብት ከሚጠጣበትና ልብስ ከሚታጠብበት ይቀዳሉ። ማፍሊያ ስለሌላቸው እንዲያው ይጠጡታል።

የተማሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ክንዱ የሚባል የፋብሪካ ፎርማን ልጅ ነበር፤ ንግግር የሚያምርለት ሦስተኛ ዓመት ተማሪ። በየካቲቱ ስብሰባ የብርጓል እጇን አወጣች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ስለ ውሃው አንድ ነገር ልናገር።»

«የዛሬው አጀንዳ የሠራተኞች ቀን ሰልፍ ነው።»

«ሰልፉ ላይ የምንቆመው እኛው አይደለን? ሴቶቹ እየታመሙ ነው።»

ክንዱ ፈገግ ብሎ ወደ አዳራሹ ዞረ። «ጓዶች፣ የመሪጌታ ልጅ ስለሆነች ጸበል ካልጠጣች አይሆንላትም መሰለኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተከራከሩት የኪነት ቡድኑ ስካርፍ ቀይ ብቻ ይሁን ወይስ ቢጫ ጥለት ይኑረው በሚል ነበር።

የብርጓል አልጋዋ አጠገብ የምትተኛ ባንቺአየሁ የምትባል የይፋግ ልጅ ነበረች፤ ለመበለት እናቷ አንድያ። መጋቢት ላይ የአንጀት ተስቦ ያዛት። ሆስፒታል ዐሥር ቀን ተኝታ ሞተች። አስከሬኗ ወደ ይፋግ ሊሄድ ሲል ሴቶቹ ለቀብር እንሂድ ብለው ፈቃድ ጠየቁ።

«የሰልፍ ልምምዱ አይስተጓጎልም፤ ኮሚቴው ተወካይ ይልካል» አለ ክንዱ።

ተወካይ አልተላከም። የኮሌጁ መኪና ያን ቀን ድምፅ ማጉያ ሲያመላልስ ዋለ። የብርጓል በእግሯ ልትወጣ ስትል ዘበኛው ከበር መለሳት፤ ስሟ ከበሩ ዝርዝር ላይ ተሰምሮበት ነበር። ጓደኛዋን ሳትቀብር ቀረች።

ከዚያ በኋላ ስለ ውሃ አንድም ቀን አላነሣችም። ለሰልፉ ሰሞን የመንግሥት እንግዳ ከአዲስ አበባ ይመጣል ሲባል፣ የመስተንግዶ ቡድን ውስጥ ግቢ ሳትባል ገባች። ክንዱ «ታረመች» ብሎ ደስ አለው።

የእንግዳው ዕለት ለክብር ጠረጴዛው አምቦ ውሃ ተዘጋጅቶ ነበር። የብርጓል ጠርሙሶቹን ዕቃ ቤት ቆልፋባቸው፣ ጠዋት ከሐይቁ የቀዳችውን በጆግ ሞልታ አቀረበች። ክንዱ ሪፖርቱን ያነባል። «የተማሪው የውሃ ችግር በኮሚቴው ብርቱ ጥረት ሙሉ በሙሉ ተፈትቷል» ሲል፣ እሷ አንድ ብርጭቆ ቀድታ እንግዳው ፊት አስቀመጠች።

እንግዳው ጠጉራቸው የሸበተ፣ ፊታቸው የማይነበብ ሰው ነበሩ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት። አረንጓዴ ክር የመሰለ ነገር ሲዋኝ ታየ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሴቶች መኝታ ቤት ውሃ ነው፣ ጓድ። ከጥር ጀምሮ የምንጠጣው ነው። ባንቺአየሁ የምትባል ጓደኛችን ሞታበታለች። ሊቀመንበራችን ችግሩ ተፈትቷል ብለዋልና እሳቸው አይፈሩትም።»

እንግዳው ብርጭቆውን በጣታቸው ገፋ አድርገው ወደ ክንዱ አስጠጉት።

«ተፈትቷል ካልክ ጠጣው።»

ክንዱ ጠጣው። የብርጓል ጉሮሮው ሲወርድና ሲወጣ ዓይኗን ሳትነቅል አየች። ጨርሶ ሲያስቀምጥ ጆጉን አንሥታ እንደገና ሞላችለት። እንግዳው አልከለከሏትም። ሁለተኛውንም ጠጣው።

በአራተኛው ቀን ቧንቧው ተጠገነ። ክንዱ ከሊቀመንበርነት ወረደ፤ እሷም በሥርዓት ማጉደል አንድ ዓመት ታገደች።

«ታዲያ አልረካሽም?» አልኋት።

«አልታመመማ! እስክሄድ ድረስ በየቀኑ ስጠብቅ ነበር። ቁርጠት እንኳ አልያዘውም» አለችኝ፤ ይህን ስትል ጥርሷ ተገጥሞ ነበር።

ሻንጣዋን ይዛ ወደ አባቷ አልሄደችም፤ በጎንደር አውቶቡስ ተሳፍራ ይፋግ ወረደች። የባንቺአየሁ እናት ወለተ ኪዳን ጥቁር ለብሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስለ ቀብሩም ጭምር። አላለቀሱም።

«ስሙ ማነው?»

«ክንዱ።»

«እሱ የዓለም ስሙ ነው፣ ልጄ። ታቦት ፊት ሰው ሲከሰስ የሚጠራው የክርስትና ስሙ ነው። እሱን አምጭልኝ።»

እገዳዋ አልቆ ስትመለስ ክንዱ ሊመረቅ ጥቂት ወር ቀርቶታል። የሚከተለው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ብቻውን ቆሞ ሳለ ስታልፍ አያትና መንገዷ ላይ ገባ።

«የብርጓል፣ ይቅር በይኝ። ያኔ የማደርገውን አላውቅም ነበር። ባንቺአየሁን ሳስባት እንቅልፍ አይወስደኝም።»



«የክርስትና ስምህ ማነው?»

ፊቱ በራ። «ወልደ ሐዋርያት። ልትጸልይልኝ ነው?»

«ስምህ ይጠራል።»

እጇን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ አመሰገናት። እሷም እጇን አልነጠቀችውም።

ቅዳሜ ይፋግ ሄደች። ወለተ ኪዳን ስሙን እንዳይረሱት ሦስት ጊዜ ደጋግመው ጠሩት፤ ነጠላቸውን አጣፉና ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ።

ክንዱ ከተመረቀ በኋላ የት እንደደረሰ አታውቅም፤ ለማወቅም አልጠየቀችም። ለአባቷ ግን በአንድ ፍልሰታ ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው።

«ንስሐ ግቢ፣ ልጄ» አሏት መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ።

«እገባለሁ፣ አባባ» አለቻቸው። «ስሙን ግን ከታቦቱ ፊት መልሼ አልወስድም።»