አማ ስም የጠራችበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ፣ ከሆሳዕና ወደ ሆመቾ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረው ሰፈራችን፣ ተረት የሚጀመረው ከብቶቹ ገብተው ከታሰሩ በኋላ ነበር። ቤታችን ትልቅ ክብ ጎጆ ነው፤ በአንድ ወገን ላሞቹ ያመነዥካሉ፣ በሌላው ወገን እኛ እንቀመጣለን፣ መሃል ላይ ምድጃው አለ። ጋዝ እንዳያልቅ ተብሎ ኩራዙ እራት እስኪቀርብ አይበራም፤ ስለዚህ የተራኪዋን ፊት የምናየው ፍሙ በተቆሰቆሰ ቁጥር ብቻ ነበር። ጭሱ ቢያስለቅሰንም ከቦታው የሚነቃነቅ ልጅ አልነበረም፤ ከተነሳ ሌላው ይቀማዋላ።

ተረት የምትነግረን የአባቴ ታላቅ ወንድም የላምቤቦ ሚስት ነበረች። አጎቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለዱም። ትልልቆቹ ሰዎች «የላምቤቦ ሚስት» ይሏታል፣ እኛ ልጆቹ ደግሞ በሀዲይኛ እናት እንደ ማለት «አማ» እንላታለን። በልጅነቷ ከከምባታ፣ ከሀደሮ በኩል ተድራ እንደመጣች ብቻ ነው የምናውቀው። ሌላ ስም ይኖራታል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አንድም ልጅ አልነበረም።

የጅብና የጦጣ ተረት ሞልቷት ነበር፤ እኛ ግን ሁልጊዜ የምንለምናት የሰባቱን ሰዎች ታሪክ ነው። በአያቴ ዘመን፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ባለርስቱ ጭሰኞቹን ከመሬታቸው ሊነቅል ሲነሳ ሰባት ሰዎች አዲስ አበባ ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ ደጅ ጠንተው፣ «እንዳይነቀሉ» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዘው ተመለሱ። የሰባቱ አለቃ አያቴ ሀንዳሞ ነበር። አማ ግን ስሙን አትጠራም። በአገራችን ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም ካፏ አታወጣም፤ ነውር ነው፣ ከነውርም ይብሳል። ስለዚህ ታሪኩ እሱ ጋ ሲደርስ ዝም ትልና ፍሙን በእንጨት ጫፍ ነካ ነካ ታደርጋለች። እኛ በአንድ ድምፅ «ሀንዳሞ!» ብለን እንጮኻለን። ላሞቹ ሳይቀሩ ይደነግጡ ነበር። ያኔ ዝምታዋ የተረቱ ማጣፈጫ እንጂ ሌላ ነገር አይመስለንም ነበር።

ታሪኩ ግን ሰባቱ ሰዎች ሲመለሱ አያልቅም። ባለርስቱ ወረቀቱን አግኝቶ ሊያቃጥለው አሽከሮቹን ላከ። ቤት ለቤት እየገቡ እንስራ ሰበሩ፣ ጣራውን በጦር ወጉ፣ መደቡን ቆፈሩ። አማ እዚህ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። አንዲት ሴት ነበረች ትላለች፤ ገና አዲስ ሙሽራ። ያቺ ሴት ወረቀቱን ከሰባቱ አለቃ ራስጌ አንስታ በቁርበት፣ ቁርበቱን በደረቅ ኮባ ጠቅልላ ቆጮው በሚብላላበት ጉድጓድ ውስጥ ቀበረችው። በኛ ዘንድ እንሰት የሚፋቅበት ቦታ የሴቶች ነው፤ ሴቶቹ እግራቸውን ገልጠው ሥራ ላይ ስለሚሆኑ ወንድ ወደዚያ ቢጠጋ ያፍራል። የባለርስቱ አሽከሮችም የአገር ልጆች ነበሩና አልተጠጉም። ጉድጓዱ በተከፈተ ቁጥር ሴቶቹ ወረቀቱን ወደ ሌላ ጉድጓድ ያዛውሩታል፣ ኮባውን ይለውጡለታል። ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ለባሏ የነገረች ግን አንዲትም አልነበረችም። ነገሩ እስኪበርድ ድረስ ወረቀቱ እዚያው ቆየ፤ ወንዶቹ ያወቁት ከጉድጓዱ ሲወጣ ነው።

ያቺ ሴት ማን ናት ብለን ጠይቀን አናውቅም። እኛ የጓጓነው ለመጮኽ ነበር፤ ሴትዮዋ ጋ ሲደረስ ደግሞ የሚጮኽ ስም የለም። ግማሾቻችን እዚያ ጋ እንቅልፍ ይወስደን ነበር፤ ይህን ስናገር ዛሬም አፍራለሁ።

ስድስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት የባለርስቱ ልጅ ትራክተር ላስገባ ነውና ልቀቁ የሚል መልእክት ላከ። ሽማግሌዎቹ አቤቱታ ሊጽፉ ተሰበሰቡ። ፍርድ ቤቱ ደጅ የሚቀመጡትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች አላመኑም፤ ነገሩ ለባለርስቱ ይደርሳል ብለው ፈሩ። አባቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርና ለእንጀራው ፈርቶ «እኔን ተዉኝ፣ ልጅቷ ጽሑፏ ጥሩ ነው» አላቸው። በዚህ ዓይነት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቤታችን ደጅ ባለው ዝግባ ሥር፣ የተገለበጠ ሳጥን እንደ ጠረጴዛ ቀርቦልኝ ተቀመጥኩ። ኩራቴን አልደብቅም፤ እነዚያ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች እጄን ያዩ ነበር።

«ጻፊ» አለኝ አባ ኤርሲዶ። ከሰባቱ በሕይወት የቀሩት አራት ነበሩ፤ ትልቁ እሱ ነው። «እኛ ሰባት ሰዎች ይህን ወረቀት በእጃችን ጠብቀን እስከ ዛሬ አቆይተናል በይ።»

አማ ከእንሰቱ በኩል መጣች። እጇ እስከ ክርኗ በተፋቀው እንሰት ነጭ ሆኗል።

«በእጃችሁ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ ያቆየሁት፣ ቆጮ ውስጥ። እንደሱ ይጻፍ።»

ቀና ብዬ አየኋት። የተረቷ ሴት እሷ መሆኗን ያወቅሁት በዚያች ቅጽበት ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቀ። «ዳኛ ፊት ቆመን ወረቀታችን ሴቶች ጉድጓድ ውስጥ ነበር እንበል እንዴ? መሳቂያ ልታደርጊን ነው?»

«ይሳቁ፣ ምን አለበት? ወረቀቱ ጠቁሯል፣ ይሸታል። ሲያዩት የት ነበር ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። እኔ ልሂድና እንዴት እንደነበር ልንገራቸው።»

«እሺ፣ ዳኛው ወረቀቱ የማን ነው ብሎ ቢጠይቅሽ ምን ልትመልሺ ነው?» አላት አባ ኤርሲዶ። «እንደ ተረትሽ ዝም ልትይ? እዚያ የሚጮኹልሽ ልጆች የሉም።»

ሁሉም ሳቁ። አማ ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ስሙን እጠራለሁ» አለች።

አባ ኤርሲዶ በከዘራው ተደግፎ ብድግ አለ። «የሞተን ሰው ልታዋርጂ? በልጆቹ ፊት?»

«እሱ ቢኖር ኖሮ ራሱ ጥሪኝ ይለኝ ነበር» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ። በይ ጻፊው፣ ልጄ።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ነበር። ለመጻፍ የፈለግሁ ይመስለኛል፤ ወይም እንደፈለግሁ ማመን እወዳለሁ። ግን የአባ ኤርሲዶን ፊት አየሁ፣ በሩ ላይ የቆመውን አባቴንም አየሁ፤ አባቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። አጎንብሼ «በእጃችን ጠብቀን» ብዬ ጻፍኩ። አማ ማንበብ አትችልም፤ ምን እንደጻፍኩ ግን ከፊቴ አወቀች። ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሽማግሌዎቹ አውራ ጣታቸውን በቀለም እየነከሩ ፈረሙ፣ ጽሑፌም አምሯል ተብዬ ተመረቅሁ።

ፍርድ ቤት የሆነውን የሰማነው አብረው ከሄዱት ነው። የባለርስቱ ጠበቃ ወረቀቱን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ አሉ። ከዚያ አራቱን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እያስጠራ፣ ይህ ወረቀት ይህን ሁሉ ዘመን የት ተቀምጦ ነበር ብሎ ጠየቃቸው። አንዱ ጣራ ሥር ነው አለ። ሌላው ሳጥን ውስጥ አለ። ሦስተኛው ከጎረቤት አደራ አስቀምጠነው ነበር አለ። አባ ኤርሲዶ የተጻፈውን ይዞ በእጃችን ነበር አለ። እውነቱን የሚያውቁ አራት ጠንካራ ሽማግሌዎች፣ ሴቶች ጉድጓድ ውስጥ ነበር ማለት አፍረው አራት ውሸት ተናገሩ። ወረቀቱ አይታመንም ተባለ፣ መሬቱም ሄደ። እውነቱን መናገር የምትችለው አማ በዚያ ሰዓት እንሰት እየፋቀች ነበር።

ልንለቅ በዋዜማው ቤቱ ባዶ ነበር። ከብቶቹ ወደ ዘመድ ተወስደዋል፤ ማመንዠካቸው ሲጠፋ ጎጆው የሰው ቤት አልመስል አለኝ። ሳንለምናት አማ ራሷ ጀመረች። ሰባቱ ሰዎች ተነሱ፣ መንገድ ገቡ፣ አለቃቸውም… አለችና ዝም አለች። ፍሙን ነካ አደረገች። ተራው የእኛ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ የጮኸ ግን አልነበረም።

«ሀንዳሞ» አለች አማ፣ ቀስ ብላ።

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። በልጅነቴ ብዙ ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ እንደዚያች አንዲት ቃል ያስፈራኝና ያሳዘነኝ ግን አልነበረም። ይህን ስም ለመጥራት ዳኛ ፊት ልትቆም የተዘጋጀች ሴት፣ ዞሮ ዞሮ የጠራችው ለስድስት ልጆችና ለባዶ በረት ነበር።

ትንሹ የአክስቴ ልጅ ምንም አልገባውም። «ያቺ ሴትዮስ፣ ስሟ ማን ነው?» አላት።

«እሷማ የላምቤቦ ሚስት ናት» ብላ ራሱን ዳበሰችው።

ሆሳዕና አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ አባቴ በተከራያት ክፍል አማ አብራን ገባች። እንሰት የሌለበት ግቢ ውስጥ ምን እንደምትሠራ ግራ ይገባት ነበር፤ ተረትም አልነገረችንም። ዓመት ሳይሞላት ሞተች። በለቅሶው ላይ ከሀደሮ የመጡ አንድ ሽማግሌ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ደረታቸውን እየደቁ «ጡሜ! እህቴ ጡሜ!» ብለው ጮኹ።

«ማንን ነው የሚጠሩት?» አልኳት እናቴን።

«እሷን መሰለኝ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ሆነ። መሬትም ላራሹ ተባለ፤ የሰባቱ ሰዎች ስምም በየስብሰባው ተነሳ፣ ተጨበጨበላቸውም። ይገባቸዋል፣ አልከለክልም። ካደግሁ በኋላ ስለ ሴቶች መብት በሚደረግ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ፣ ይህ ነገር ከከተማ፣ ከተማሩ ሴቶች የመጣ ነው ሲባል ስሰማ፣ ለባሎቻቸው ሳይነግሩ አንድ ወረቀት ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሲያዛውሩ የኖሩትን ሴቶች አስባለሁ። እጄን አውጥቼ ልናገር እልና እተወዋለሁ፤ ከአንዲቷ በቀር የማናቸውንም ስም አላውቅም።

ያን ታሪክ አሁን ለልጅ ልጆቼ እነግራለሁ። አንዲት ሴት ነበረች የሚለው ጋ ስደርስ ዝም እላለሁ፣ እነሱም «ጡሜ!» ብለው ቤቱን በጩኸት ይሞሉታል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ጩኸታቸው ባለፈ ቁጥር ዝግባው ሥር እመለሳለሁ፤ እሷ እጇ እንደ ነጣ ከፊቴ ቆማ፣ እኔ እስክሪብቶ ይዤ፣ ስምሽ ማን ነው ብዬ እንኳ ሳልጠይቃት።