በር ያስከፈተው ዓሣ

አጎቴ አናጺ ነው። ሜትሩ ከወገቡ ስለማይለይ ሰፈሩ «ባለሜትሩ» ይለዋል፤ ሚስቱማ ሲተኛም አያወልቀውም ትላለች። «አስር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» እያለ ያልጠየቀውን ሁሉ ይመክራል። አንድ ቀን ዳቦ ሊገዛ ሄዶ የዳቦ ቤቱን መደርደሪያ ለክቶ፣ ዳቦውን ረስቶ ተመልሷል።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአካል ጉዳተኛ ልጆች የእጅ ሥራ የሚያስተምረው። ክፍሉ ወንዝ ዳር ያለ የድሮ መጋዘን ሲሆን በሩን የሠራው ራሱ ነው። ልጆቹ ወንዙ ያመጣውን ቆሻሻ ለቅመው፣ አጥበው፣ ቀለም ቀብተው አዲስ ነገር ይሠሩበታል። እኔ ሙጫ አቀብላለሁ፤ ግማሹ ግን ሱሪዬ ላይ ይቀራል።

ዘንድሮ ዓሣ ተሠራ። አጥንቱ ሽቦ፣ ቅርፊቱ የጠርሙስ ክዳን ነው። ሆዱ ውስጡን በሚያሳይ ላስቲክ ተሸፍኖ የፌስታል ክምር ይታይበታል፤ የወንዛችን ዓሣ ምን እየበላ እንደሆነ ሰው ይይ ተብሎ። ሐሳቡ የሹፌሯ ነው። ሹፌሯ የምንላት በዊልቸር የምትሄድ የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ዊልቸሯ ፍሬን አለው፣ አፏ ግን የለውም። ሁልጊዜ እኔ ዊልቸሩን አጥፋለሁ፣ አጎቴ እሷን ታቅፎ በጠባቡ በር በጎን ያስገባታል።

«ጋሼ፣ ይሄን በር ያስፉት እንጂ!»

«ነገ» ይላታል። ይህ ነገ ዓመት ሞላው።

ዓሣው ደግሞ አደገ። ልጆቹ በየሳምንቱ ጠርሙስ ይጨምሩለታል፣ ክንፍ ይቀጥሉለታል። ከልጆቹ አንዱ፣ ዓይነ ስውር የሆነው፣ በክንዱ ለካውና «ጋሼ፣ በበሩ አይወጣም» አለ። አጎቴ ሳቀ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ሜትር ከያዝኩ ሠላሳ ዓመቴ ነው!»

የመጋዘኑ ኃላፊ ቁርጡን ነግሮናል፤ ሥራችን ቅዳሜ አራት ሰዓት አደባባይ ላይ ካልታየ ክፍሉ የወንበር ማስቀመጫ ይሆናል። ቅዳሜ ዓሣውን ተሸክመን በሩ ጋ ደረስን። አፉ ወጣ፤ ጉንጩ ቀረ። በጎን ሞከርን፣ በጅራቱም ሞከርን። አጎቴ ከውስጥ ገፋ፣ እኔ ከውጭ ጎተትኩ፤ አንድ ዓይኑ እጄ ላይ ቀረ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፣ እኛ ግን ዓሣውንም ማውጣት አቃተን። አጎቴ ሜትሩን መዞ በሩን ለካ። ደግሞ ለካ። ዓሣውን ግን ከተጀመረ ጀምሮ አንድ ቀን ለክቶት አያውቅም!

«እንቁረጠው» አልኩ። ልጆቹ ጮኹብኝ፤ አንዷማ አለቀሰች። አጎቴ ላብ በላብ ሆኖ አያቸውና መዶሻውን አነሳ። በገዛ እጁ የሠራውን መቃን ነቀለ፣ የጎኑን ጣውላ ገነጠለ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። ዓሣው ወጣ፤ ጭብጨባው ቀለጠ።

ሹፌሯ ብቻ አላጨበጨበችም። የሰፋውን በር እያየች ነው።

«ጋሼ፣ ሃያ ደቂቃ ነው እንዴ የሚፈጀው?»

አጎቴ መዶሻውን አስቀመጠ። አፈረ። እኔም አፈርኩ።

«በድዬሻለሁ ልጄ» አላት።

ዊልቸሩን ዘርግተን አስቀመጥናት። እየነዳች ወጣች። ከዚያ ዞራ ገባች። እንደገና ወጣች። አራት ሰዓት ሊሞላ ነው፤ እሷ ትገባለች፣ ትወጣለች።

«ኃላፊው እየጠበቀ ነው» አልኩ።

«ይጠብቅ!» አለ አጎቴ።

አደባባይ ስንደርስ ሹፌሯ ከፊት፣ እኛ አንድ ዓይና ዓሣችንን ተሸክመን ከኋላ ነበርን። ኃላፊው ለምን ዘገያችሁ ብሎ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የዓሣውን ሆድ ሲያይ ግን የያዘውን ፌስታል ከጀርባው ደበቀ። ክፍሉም ለእኛ ጸና።

በማግስቱ አጎቴ ዳቦ ሊገዛ ሄደ። የዳቦ ቤቱን በር ለካ፣ «በዚህ ሹፌሯ አትገባም» ብሎ ከባለቤቱ ጋር ተጣላ፤ ዳቦውንም ረስቶ ተመለሰ።