ሦስተኛው ሙከራ

እኔ ፈሪ ነኝ፤ መደበቅም አልፈልግም። ስልኬ ሳላስበው ከጮኸ ልቤ ድው ይላል። መሐንዲስ የሆንኩትም ከፍርሃት ይመስለኛል፤ ነገር ሁሉ ተለክቶና ተቆጥሮ ካልተቀመጠ አላርፍም። ታዲያ ያን ሰሞን ዕረፍት የነሳኝን ቁጥር የጻፍኩት ራሴ ነበርኩ።

አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤታችን የአገሪቱ የኤሌክትሪክ መስመር እንዴት እንደሚዘምን የሚወስን መመሪያ እያረቀቀ ነበር። ስለ መስመር መቋረጥ የሚናገረው ምዕራፍ ለእኔ ደረሰኝ። መስመር በተቋረጠ ቁጥር ሰው እስኪያበራው መጠበቅ ይቅር፣ ምሰሶ ላይ የሚሰቀል ማብሪያ ራሱ መልሶ ያብራው ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ይሞክር፦ አንዴ ወዲያው፣ ሁለተኛ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ፣ ሦስተኛ ከአንድ ደቂቃ በኋላ። በሦስተኛውም ካልያዘ ይተወው። ብዙውን ጊዜ መስመር የሚቋረጠው ቅርንጫፍ ወይም ወፍ ለቅጽበት ነክቶት ስለሆነ ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ስለ ድሮው አሠራር «በስልክ በመጠያየቅ የሚባክን ጊዜ» የምትል ሐረግ ሰካሁ። ለእሷም «ጎበዝ!» ተባልኩ።

ለመጀመሪያ ሙከራ የተመረጠው ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መስመር ሆነ። የተወለድኩበት አገር ነው፤ ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ።

ማብሪያው ተሰቅሎ ሥራ ሊጀምር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ለማየት ወረድኩ። ብርዳሙ ጣርማ በር ላይ እስከ አንገቴ የቆለፍኩትን ጃኬት ሮቢት ስደርስ በእጄ አንጠልጥዬዋለሁ። ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዤ ወደ አባቴ ማሳ ሄድኩ። ሽንኩርት የሚነቀልበት ሰሞን ነው። ማሳው ዳር ስንደርስ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወድቆ የመኪናውን መንገድ አቋርጦ ተጋድሟል። አባ ከአንድ ወገን፣ ጎረቤታችን ከሌላው ወገን ሆነው ሽቦውን በባላ እንጨት ወደ ላይ ከፍ አድርገው ይዘውታል። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ከሥሩ እያለፈ ነው። አባ ደግሞ «ና! ና! አይነካህም!» እያሉ ሹፌሩን ይመሩታል።

እንደ እብድ ጮህኩ።

«ምን ሆንሽ አንቺ? ሰው ታስደነግጫለሽ!» አሉኝ።

«አባ፣ ኤሌክትሪክ እኮ ነው!»

«ጠፍቷል። ሲወድቅ ይጠፋል፤ ሰው ካላበራው አይመጣም። ዛሬ ነው እንዴ የምናውቀው?»

«ከተማ ፈሪ አደረጋት» አለ ጎረቤታችን እየሳቀ።

«ድሮም ፈሪ ነበረች» አሉ አባ።

የመብራት ሠራተኞቹ መጥተው ሽቦውን መልሰው ከሰቀሉት በኋላ የአባ ስልክ ጠራ። ከማከፋፈያ ጣቢያው ተረኛ ሠራተኛ ነው። አባ ስልክ የሚያወሩት ሰፈር እያሰሙ ስለሆነ ሁሉንም ሰማሁ። «ጋሼ፣ ከሽቦው ሥር ሰው ተነስቷል?» ይላል ተረኛው። አባ ግራና ቀኙን አዩ፤ ምሰሶ ሥር የተቀመጡትን ሴቶች «ተነሱ» ብለው አስነሱ። ከዚያ «በቢስሚላህ አብራው» አሉት። መብራት መጣ።

ይቺ ናት እንግዲህ፣ የሚባክን ጊዜ ብዬ የጻፍኳት። አባቴን እስከዛሬ በሕይወት ያቆየቻቸው ይቺ ስልክ ናት።

«አባ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ማሽን ነው የሚያበራው። ማንንም አይጠይቅም።»

«እንዴት አይጠይቅም? ሰው ሥሩ ቆሞ?»

«አያይም።»

«ምን ዓይነቱ ደንቆሮ ነው እንዲህ ያለ ነገር ያመጣብን?»

እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ጎንበስ ብዬ ሽንኩርት መንቀል ጀመርኩ። ሽቦ ከወደቀ ባላ ሳያነሱ በፊት ለእኔ እንዲደውሉ ግን አጥብቄ ለመንኳቸው። «ወላሂ እደውላለሁ፣ በቃሽ!» አሉኝ፤ ጎረቤታችን አሁንም እየሳቀብኝ ነው።

ሰኞ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ምዕራፌ ስህተት አለበት አልኩ። መስመሩ በእርሻ ላይ በሚያልፍበት ቦታ ማብሪያው ራሱ መሞከር የለበትም፤ ሰው እስኪማር ድረስ ያቺ የስልክ ጥያቄ በመመሪያው ውስጥ ግዴታ ሆና ትጻፍ። አንዱ ባልደረባዬ «ለአገር የሚወጣ መመሪያ በአባትሽ ማሳ አይለካም» አለኝ። ሰብሳቢያችን፣ አንጋፋ መሐንዲስ ናቸው፣ «ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። በደብዳቤ አቅርቢው፤ ይታያል» አሉ። ይታያል! ያቺን ቃል እንደ ጠላኋት አለሁ።

ማክሰኞ ማብሪያው ሥራ ጀመረ። ለተረኛው ደወልኩለት። «እህቴ፣ እንዳላስቆመው ደብዳቤ የለኝም። እንደ ድሮው ደውዬ እንዳልጠይቅ የማበራው እኔ አይደለሁም» አለኝ። እውነቱን ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ማብሪያው እንዲቆም የሚያዘውን ደብዳቤ ይዤ ሰብሳቢያችን እስኪፈርሙልኝ ቢሯቸው በር ላይ ቆሜያለሁ። ስልኬ ጮኸ። አባ ናቸው።

«ይኸው ደወልኩልሽ፣ ደስ ይበልሽ! ነፋሱ ሽቦውን ጣለው።»

«መቼ?»

«አሁን! ዓይኔ እያየ።»

«ከወደቀ በኋላ ስንቴ ብልጭ አለ?»

«ሁለቴ። ከዚያ ጭጭ አለ፤ ጠፍቷል። ይኸው ጎረቤታችን ባላውን ይዞ…»

ሁለቴ! አንድ ቀርቶታል።

«አትንካው! አባ፣ አትንካው! ሰውዬውን ያዘው!» በዕድሜዬ አባቴን አንተ ብዬ አላውቅም ነበር።

«ተው! ጣለው! ወደ ኋላ!» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ሲያርፍ የሚሰማው ዓይነት ጩኸት ጆሮዬን ሞላው። ከዚያ ምንም የለም።

«አባ? አባ!» የሰብሳቢያችን ጸሐፊ ከወንበሯ ተነሳች።

መጀመሪያ ትንፋሽ ሰማሁ። «አለሁ» አሉ።

«እሱስ?»

«አለ። መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። ባላውን አሁንም አለቀቀውም። ያ አላህ፣ ሽንኩርቱ ይጨሳል… ደግሞ ይመጣል?»

«አይመጣም፤ ሦስት ነው። ግን እንዳትጠጉት፣ ሠራተኞቹ ይምጡ።»

«ሦስት መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ አባ። ያ ደንቆሮ እኔ ነኝ።»

በሰደቡኝ ብዬ ተመኘሁ። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ መጣ።

«እሺ ልጄ። እኔስ አንቺን ወልጃለሁ፣ ላንቺ ደወልኩ። ከዚህ እስከ አጣዬ ሽንኩርት የሚነቅለው ሰው ለማን ይደውል?»

ደብዳቤው በላቤ ርሷል። በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ።