ከአክስቴ አፍ የወጣው ኪቦርድ

የወንድሜ ልጅ ናትናኤል ባሕር ዳር ውስጥ ፊልም ያቀናብራል። ባለፈው ሳምንት ወረታ እኔ ቤት መጥቶ፣ ሩዝና ዓሳ ሠርቼለት ስንበላ የፊልም ሙዚቃ ወሬ ተነሣ። ያነሣሁት እኔ ነኝ። ጠዋት አንድ አዲስ ፊልም በቴሌቪዥን አይቼ ተናድጄ ነበር። በር ሲከፈት ጆሮ የሚያደነቁር «ድም»፣ ስልክ ሲጮኽ «ድም»፣ ልጅቷ ገና ፊቷን ሳታጨማድድ ቫዮሊኑ አልቅሱ እያለ ይጎተጉተናል።

«ዓይኔን ብጨፍን ሠርጉን ከግድያው አልለየውም» አልኩት።

ናትናኤል ሳቀ። «ልክ ነሽ አክስቴ። የዛሬው እኮ ከኢንተርኔት እያወረድን የምንለጥፈው ነው። ሙዚቃ የድሮው ነበር! ቆይ አንድ ነገር ላሰማሽ።» እጁን ታጥቦ ስልኩን አወጣ። «ፊልሙን አግኝቼ አላየሁትም፤ ሙዚቃው ብቻ ነው ያለኝ። የእናትየዋ የለቅሶ ትዕይንት ላይ የገባ ነው አሉ። ስሚው፤ ምን ዓይነት ስሜት እንደነበራቸው!»

ኪቦርድ ነበር። ያንኑ ዜማ እየደጋገመ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላዩ እዚያው ኪቦርድ ላይ የተሠራ የውሸት ዋሽንት አለ። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«አጥፋው» አልኩት።

«ምነው? ገና እኮ ነው…»

«አጥፋው አልኩህ!»

ልጁ ደነገጠ። እኔም ራሴ ደነገጥኩ። ይኸን ያህል ዓመት አልፎ ንዴቱ እንዲህ ትኩስ ሆኖ ይጠብቀኛል አላልኩም ነበር። ያን ሙዚቃ አውቀዋለሁ። ከሥሩ ማን እንደተቀበረም አውቃለሁ። ያን ቀን ለናትናኤል የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ዓመት ነበር። የወላጆቼ ቤት ቁሐር ሚካኤል ነው፤ አባቴ እዚያው ደብር መሪጌታ ነበሩ። እኔ ግን ሰበብ እየፈለግሁ ወረታ እመላለስ ነበር። ሰበቤ ጨው ነው፣ ሳሙና ነው፣ ባትሪ ድንጋይ ነው። እውነቱ ዘይነባ ነበረች። የዘይነባ አባት ጋሽ ሰይድ ከሱቃቸው ጎን ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። በዚያን ጊዜ ቪዲዮ ቤት የወንዶች ነው፤ ሴት ልጅ ገባች ከተባለ ወሬው ከእርሷ ቀድሞ ቤቷ ይደርሳል። ስለዚህ እኔና ዘይነባ ከግድግዳው በስተኋላ፣ መጋዘኑ ውስጥ፣ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጠን ፊልሙን እንሰማ ነበር።

አዎ፣ እንሰማ ነበር። አብዛኞቹ የሕንድ ናቸው፤ ቋንቋውን አናውቅም፤ ምስሉን አናይም። የሽምብራ እሸት ከዘለላው እየፈለፈልን፣ ጆሯችንን ግድግዳው ላይ ደግፈን ታሪኩን ከሙዚቃው እንገምታለን። «አሁን ተለያዩ» ትላለች ዘይነባ፣ አንድ ክር ብቻውን ሲቀር። «የለም፣ ታመመች» እላለሁ እኔ። በኋላ ውስጥ ሆኖ ያየውን ወንድሟን ስንጠይቀው ብዙውን ጊዜ ግምታችን ልክ ሆኖ ይገኛል። እነዚያ ሙዚቀኞች ትንፋሽ መውሰድ ያውቁ ነበር። ዘፈኑ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሲሄድ ዝም የሚባልበት ቦታ ይተዋል፤ እኛ ጨለማው መጋዘን ውስጥ ሆነን ያቺን ዝምታ እየጠበቅን ልባችን ይመታ ነበር። ስለ ፊልም ሙዚቃ የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት እዚያ ጆንያ ላይ ነው።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ውኃው ከሜዳው ሸሽቶ መንገዱ ጠጠር ሲል፣ ከአዲስ አበባ ፊልም ቀራጮች መጡ። የፎገራን ሜዳ ፈልገው ነው፤ ላሞቹን፣ ሩዙን፣ ያን ሰማይ ድረስ የተዘረጋ ዝርግ መሬት። ዳይሬክተሩ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሰው ሲያናግር አንገቱን ሰበር የሚያደርግ ሰው ነበር። ቁሐር በመጡበት ቀን ቀብር አጋጠማቸውና ዳር ቆመው ሲያዩ አክስቴ ያንችአምላክ ሙሾ ስታወርድ ሰሙ።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። እታለሜ ነበር የምላት። በዚያ አካባቢ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄስ ይጠራል፣ ቀጥሎ እርሷ ትጠራለች። የማታውቀውን ሟች እንኳ ዘመዶቹን ጥቂት ጠይቃ፣ አፏን ስትከፍት አብራው ያደገች ትመስላለች። የራሷን ልጅ ግን አላለቀሰችም። አንድ ልጇ ሙሉቀን ወታደር ሆኖ ሄዶ አልተመለሰም። ሞተ ብሎ መርዶ የነገራት የለም፤ አለ ብሎ ደስ ያሰኛትም የለም። ልብሱን እያጠበች ፀሐይ ላይ ታሰጣ ነበር፤ በየጊዜው።

ዳይሬክተሩ በማግሥቱ ቤታችን መጣ። በፊልሙ ውስጥ ልጇ ከጦርነት ያልተመለሰላት እናት አለች፤ እርስዎ ይሁኑልኝ፣ በራስዎ ቃል ያልቅሱልኝ አለ። ታሪኩን ማንም አልነገረውም፤ እንዲሁ ገጠመ።

አባቴ ተቆጡ። «ለቅሶ ለሞተ ሰው ነው። ሙሉቀን ሞተ ያለን የለም። ላልሞተ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው፤ አይሆንም!»

«ጨዋታ እኮ ነው አባቴ፣ ፊልም ነው» አልኩ እኔ።

«በለቅሶ ጨዋታ አለ እንዴ?»

እታለሜ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝ» አለች። «የሌላውን ሰው ልጅ ሁሉ አልቅሼ ሸኘሁ። የኔን ሞቷል ብዬ እንዳላለቅስ አላወቅሁም፤ አለ ብዬ እንዳልተወው ዓመቱ ሄደ። እዚያ ፊልም ላይ ሌላ ሴት ነኝ። ሌላ ሴት ሆኜ ላልቅሰው። ሟርት እንዳይሆንብኝ።»

አባቴ መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። አልፈቀዱም፤ ግን አልከለከሉም።

የተቀረጸው ኅዳር ላይ ነው። ሩዙ ቢጫ ሆኖ አጨዳ ተጀምሯል፤ ሜዳው የእርጥብ ገለባና የጭቃ ሽታ ይሸታል። ድምፅ የሚቀርጸው ልጅ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ጠጉራም ማይክ አስሮ ሲያቀርብላት፣ እታለሜ «ምን ዓይነት ድመት ነው?» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ከዚያ ወደ ርብ ወንዝ በኩል ዞራ ቆመች። ዳይሬክተሩ እጁን ወደ ታች አደረገ።

ዝም ብላ ቆየች። እንደ እነዚያ ሙዚቀኞች ትንፋሽ ወሰደች። ከዚያ፣

«ርብ እንኳ ጎደለ፣ ሞልቶ የነበረው፤
አንተን ከሄድክበት፣ ማን ይሆን ያስቀረው?

መርዶ ነጋሪ አጣሁ፣ ደጄን የሚመታ፤
ላልቅስ ወይ ልጠብቅ፣ ግራ ገባኝ ጌታ።»

በፊት በሰዎች ቀብር የሰማሁት ድምፅ አልነበረም። ያ ለሕዝብ ነው፣ ከፍ ብሎ የሚሰማ። ይኸኛው ዝቅ ያለ፣ ልጅ እንዳይነቃ የምታባብል ይመስል ነበር። ማጭድ የያዙት ሰዎች ቀና አሉ፤ ቀና እንዳሉ ቀሩ። ስትጨርስ ነፋሱ ሩዙ ውስጥ ሲሄድ ይሰማ ነበር። ድምፅ ቀራጩ ልጅ ጆሮው ላይ የደፋውን አውልቆ ጀርባውን ሰጠን። ዳይሬክተሩ መጥቶ ጉልበቷን ሳመና፣ «እማማ፣ ይኸን ማንም አይነካውም። እንዳለ ነው የሚገባው» አላት። ይኸን ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ያን ማታ እታለሜ የሙሉቀንን ልብስ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

ፊልሙ ወረታ የደረሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። ጋሽ ሰይድ ያለወትሯቸው፣ ለእርሷ ክብር ብለው ከሰዓት በኋላ ለሴቶች ብቻ ከፈቱ። ከቁሐር ስንት ሰው መጣ! እናቶች ነጭ ለብሰው፣ የቋጠሩትን ቆሎ ይዘው፣ ሙቀቱ በቆርቆሮው ጣሪያ እየወረደባቸው አግዳሚው ላይ ተጣበው ተቀመጡ። አባቴ ቪዲዮ ቤት አልገባም ብለው ውጭ ሱቁ በረንዳ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ጋሽ ሰይድ ለስላሳ ቀድተው፣ «መሪጌታ፣ ከዚህም ይሰማል» አሏቸው። እኔና ዘይነባም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጠን ልናይ ነው።

ትዕይንቱ መጣ። ሜዳው፣ ሩዙ፣ ከዚያ የእታለሜ ፊት የቴሌቪዥኑን መስኮት ሞልቶ። ሴቶቹ እልል አሉ። አፏን ከፈተች።

ኪቦርድ ወጣ።

መጀመሪያ ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ጋሽ ሰይድን ዞሬ አየኋቸው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ርብ የምትለው፣ መርዶ የምትለው ይታያል፤ የሚሰማው ግን ያ እየተደጋገመ የሚወርድ ዜማና የውሸት ዋሽንቱ ነው። አንዲት ቃል አልተረፈችም። በጣም ያበሸቀኝ ደግሞ ሌላ ነው። ሴቶቹ አለቀሱ። ከጎኔ ያለችው ጎረቤታችን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች «ውይ ሲያሳዝን!» ትላለች። በዚያ ዓመት በቀብር ሁሉ አጠገቧ ቆማ የሰማቻት ሴት ናት።

«እታለሜ፣ ድምፅሽን እኮ…» አልኳት።

«ዝም በይ ልጄ» አለችኝ። «ሰው እያየ ነው።»

እስኪያልቅ ተቀመጠች። ምስጋናውን ተቀብላ፣ የሚስሟትን ስማ ወጣች። አባቴ ከበረንዳው ተነሡ። ከጠዋት ጀምሮ ሊሰሙት ሲዘጋጁ የዋሉት ነገር እንደነበረ ያወቅሁት ያኔ ነው።

«ያንችአምላክ፣ የሙሉቀን መቼ ነው?» አሏት። «ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ጥዬ ስጠብቅ ነበር።»

«አልፏል ወንድም ጋሼ» አለች። «ሲያልፍ አልሰሙትም ይሆናል።»

በማግሥቱ ከጋሽ ሰይድ ሱቅ ስልክ ለዳይሬክተሩ ደወልኩ። ትሕትናው እንዳለ ነበር። «ውስጤን ነው የበላው እህቴ» አለ። «ግን አስቀድመን ለጥቂት ሰዎች ስናሳይ ከበደን አሉ። ቀብር የተቀመጥን መሰለን አሉ። ፊልም ሙዚቃ ይፈልጋል።»

«እሺ፣ ድምፁን ብቻ ላክልን። የተቀረጸበትን።»

መስመሩ ላይ የመኪና ጥሩምባ ተሰማኝ። «ካሴቱ ላይ ሌላ ሥራ ተቀርጾበታል» አለ።

ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ዘይነባ ግን እጀታውን ከእጄ ፈልቅቃ እንደወሰደችው አስታውሳለሁ።

በኋላ፣ አስተማሪ ሆኜ ደመወዝ ስቀበል፣ መቅረጫ ያለው ቴፕ ገዝቼ ቁሐር ሄድኩ። «እታለሜ፣ እባክሽ ድገሚልኝ፤ እኔ አስቀምጠዋለሁ» ብዬ ለመንኳት። ሽምብራ እየለቀመች ነበር፤ እጇን አላቆመችም። «አልችልም ልጄ። ያን ቀን ሸኘሁት። ሁለት ጊዜ አልቀብረውም» አለች። አላስገደድኳትም። የሰው ሙሾ ግን እስከ እርጅናዋ አልተወችም። እርሷ ስትሞት ቆመን ደረታችንን መታን፤ እንደ እርሷ ቃል የሚያወርድ አልነበረም። የሙሉቀንም መርዶ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ናትናኤል ይኸን ሁሉ ሲሰማ ሩዙ ቀዝቅዞ ነበር። ልጁ ክፉ አይደለም፤ አፍሮ ሙዚቃውን ከስልኩ ሰረዘው። መሰረዙ ምን ይጠቅማል? ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ የለ፤ ከሥሩም ሰው «እንዲህ ያለ ሙዚቃ ዛሬ የት ይገኛል» እያለ ይጽፋል። እኔም ግራ የሚገባኝ እዚህ ላይ ነው። የዛሬው ባሰ ብዬ ልጮኽ ስነሣ፣ ድሮ የሚሉት ያንን ኪቦርድ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሐሜቴን የት እንደማሳርፈው ጠፋኝ። የስኳር ጆንያ ላይ ሆኜ የሰማኋቸው ሰዎች መሣሪያቸው ውድ ይሁን ርካሽ አላውቅም። የሰውን ድምፅ ለማሳለፍ ጥግ ይይዙ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ሰው የሰው ለቅሶ እንዳይከብደው የሚፈራ ባለሙያ ድሮም ነበረ፣ ዛሬም አለ፤ የዛሬው የሚለየው ኮምፒውተሩ ስለሚያፋጥንለት ነው።

ሊሄድ ሲል ናትናኤል አሁን የሚሠራውን ፊልም ከላፕቶፑ አሳየኝ። አንዲት አሮጊት በር ላይ ቁጭ ብላ መንገድ ታያለች። ከሥሯ ሙዚቃው እንደ ጎርፍ ይጮኻል። «አውጣው» አልኩት። አወጣው። የትንፋሿ ድምፅ መጣ፣ የዶሮ፣ የሩቅ ወፍጮ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ሰማን።

«ያምራል አክስቴ» አለ። ጣቱ ቁልፉ ላይ እንደሆነ ነው። «ግን ባዶ ሆነ አይሉኝም?»

«ይበሉሃ!»

ራሱን እየነቀነቀ ላፕቶፑን ዘጋና ወደ መናኸሪያ ሄደ። ትናንት ደወለልኝ። ሙዚቃውን መልሶ አስገብቶታል፤ የፊልሙ ባለቤት ያለሱ አይሆንም ብሎታል። «ግን ለአንች ስል ትንሽ ዝቅ አድርጌዋለሁ» አለኝ፤ አመሰግናለሁ እንድለው ሲጠብቅ በስልኩ ይታወቀኛል።

«ምን ያህል ዝቅ?» አልኩት።