ባዶው የአጥቂ ቦታ

ትናንት ሱሉልታ፣ ኳስ በሚታይበት ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ የኡዝቤክ አጥቂ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ቆመ። ተንታኙ ሰውዬው ከታሽከንት ተነስቶ ስንት አገር እንደዞረና በየሄደበት ጎል እንዳገባ ይተርካል። አጥቂው ጎንበስ ብሎ ሣር ነጨና አሸተተ። ጸጉሬ ቆመ፤ ያውም መላጣ ነኝ!

እንዲያ የሚያደርግ የማውቀው ጉታን ብቻ ነው። ጉታ በልጅነታችን የሰፈራችን አጥቂ ነበር። ሲመታ ኳሷ እንጦጦን ተሻግራ አራት ኪሎ ትወርዳለች እንል ነበር። ታሽከንት ለትምህርት ሄደ። እዚያም አጥቂ ሆኗል የሚል ወሬ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ።

ያኔ አባቱ ኦቦ ቶላ እርጥብ ሣርና እበት ከሚሸተው ሜዳችን ዳር ቆሙና፣ "ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ቦታውን እንዳትሞሉበት። ሲመጣ የት ይግባ?" አሉን።

"ኦቦ፣ በዐሥር ሰው እኮ ያርዱናል!" አልኳቸው።

"ይረዷችኋ! እሱ ይመጣል።"

በዐሥር ሰው ተጫወትን። የገባብን ጎል ቢደረደር ጎጃም ይደርሳል። ኦቦ ቶላ ግን ባዶውን ቦታ እያዩ ያጨበጭቡ ነበር።

ኡዝቤኩ አገባ። ፊቱን ላየው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋሁ። ዕድሜው ለጉታ ልጅ የሚሆን ነው፤ ጉታን ይምሰል አይምሰል ግን መለየት አቃተኝ።

"ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ከለሉን!" አለኝ አንዱ ከኋላ።

ኦቦ ቶላ ካረፉ ቆዩ። እሁድ እሁድ እኛ ባለቦርጮቹ አሁንም እንጫወታለን። አጥቂ ግን አላስገባንም።