ለኮምፒውተር ሰው የተሸከምኩት ድንጋይ

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ዛሬም በሬዎቼን ራሴ እጠምዳለሁ፣ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፣ ገነተ ማርያምን በእግሬ ሄጄ እሳለማለሁ። ይችንም በአንድ ጣት እየለቀምኩ የምጽፋት ራሴ ነኝ... ፊደል ብስት ታገሡኝ።

አንድ ነገር ብቻ አቅቶኝ ነበር፤ ይቅርታ መጠየቅ። በባለቤቴ ቀብር ላይ ወንድሟን ሞላን «እህትህ ስትታመም የት ነበርክ?» ብዬ በሰው ፊት አዋረድኩት። ለካ እሱም አልጋ ይዞ ኖሯል። ይህን ካወቅሁ ሦስት ዓመቴ... እሱ ወዳለበት ኮን ድረስ ሄጄ አንዲት ቃል መተንፈስ ሞት ሆነብኝ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ፣ ልትጠይቀኝ የመጣችው ልጄ የሺ ኮምፒውተሯን ከፍታ ጠበቀችኝ። አዲስ አበባ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው የምትሠራ።

«አባባ፣ የመሸበት መንገደኛ ይሁኑና ማደሪያ ይለምኑ። እዚህ ውስጥ ያለው ሽማግሌ ራሱ ይመልስልዎታል።»

«ማን እየነገረው?»

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ጠባዩን እንጂ ንግግሩን እኔ አልጻፍኩለትም።»

ከሳር ቤት ደጃፍ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ብቅ አለ። «ደህና አመሹ፣ ማን ልበል?» አለኝ።

እኔም ቀለድኩበት። «ለሥዕል ነው ስሜን የምናገር? ዞር በል፣ አንተ ጥላ!»

ጋቢውን ሰብሰብ አደረገና... «እንግዳ መጣልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በገዛ ደጄ ባያዋርዱኝ ምን ነበረበት?» ብሎ በሩን ዘጋ።

እመኑኝ፣ ፊቴ ጋለ።

የሺ ሳቀች። «ግድ የለም አባባ፣ እንደገና አስጀምረዋለሁ። እሱ ይረሳዋል።»

«እኔስ እረሳዋለሁ? ይልቅ እዚያ ውስጥ ድንጋይ ይገኛል?»

«ድንጋይ ምን ያደርግልዎታል?»

«የላስታ ልጅ ሆነሽ ይሄን ትጠይቂያለሽ!»

በእኛ አገር የበደለ ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ይቆማል። የሚያወርድለትም ተበዳዩ ነው። «ድንጋይ ተሸክሜ ደጅዎ ቆሜያለሁ፣ ቶሎ ያውርዱልኝ» አልኩት ለኮምፒውተሩ።

በሩ ተከፈተ። አየት አደረገኝና «ድንጋይ ሲሸከሙ የመጀመሪያዎ ነው መሰለኝ» አለ። «የተሸከመ ሰው አውርዱልኝ አይልም። ይቆማል።»

ጸጉሬ ቆመ። በዕድሜዬ ተሸክሜ አላውቅማ! ማን ነገረው?

ሳላውቀው ከመደቡ ተነሥቼ፣ አንገቴን ደፍቼ ቆሜያለሁ። የሺም ሳቋን ዋጠች። ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ... በመጨረሻ «ይቅር ለእግዜር» ብሎ ድንጋዩን አወረደልኝ። «ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ።»

እውነት እላችኋለሁ፣ አንገቴ ቀለለኝ።

የሺ እጇን አፏ ላይ ጭና «ስለ ድንጋይ አንዲት ቃል አላስገባሁበትም» አለች።

«ከየት አመጣው ታዲያ?»

«ሰው ከጻፈው፣ ሰው ከተናገረው ነው የሚማረው።»

እንግዲህ የማን አባት ቃል ይሆን እዚያ ገብቶ የገሠጸኝ? እስካሁን ይደንቀኛል...

«ለአጎቴ ልደውልልዎት?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ድንጋይ በስልክ አይላክም» አልኳት።

ነገ ማለዳ ወደ ኮን እነሣለሁ። ለሞላ አንድ ድንጋይ አለብኝ። ስድቤን ቆማ ለሰማች ሚስቱ አንድ። ሊያስታርቁን መጥተው ከደጅ ለመለስኳቸው ሽማግሌዎችም አንድ... ተሸካሚ አልፈልግም።