ተኝቶ ያልነቃው ስክሪን

ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ የፎቶ ኮፒና የጽሑፍ ሱቅ አለኝ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ፈትቼ፣ አበላሽቼ፣ መልሼ ገጥሜ ነው ያወቅሁት። ልጄን ግን ራሴ አስተማርኳት። እጇን በፎጣ ሸፍኜ፣ ፊደሎቹን ሳታይ እንድትጽፍ አስገደድኳት። «አባዬ፣ ዓይን እያለኝ?» እያለች ታለቅስ ነበር። አላዘንኩላትም። ሥራ በልምምድ እጅ ውስጥ ካልገባ ሥራ አይደለም።

አንድ ዓርብ ከአገና የመጡ ሽማግሌ በእንሰት ማሳቸው ድንበር ጉዳይ ይግባኝ ሊያጽፉ መጡ። የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ያው ዕለት ነበር። ረፋዱን ሙሉ እሳቸው ተናገሩ፣ ልጄ ጻፈች። ከምሳ ስንመለስ ኮምፒውተሩ ተኝቷል። ልጄ ኪቦርዱን ነካችው፤ ማራገቢያው መዞር ጀመረ፣ ስክሪኑ ግን እንደጠቆረ ቀረ።

«ሴቭ አድርገሻል?» አልኳት።

«መጀመሪያውን ብቻ።»

«ምን ሆነ?» አሉ ሽማግሌው።

«ተኝቶ ነው፣ አባባ።»

«ምሳ የበላነው እኛ፣ የሚተኛው እሱ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው አልቆየም። «ያን ሁሉ እንደገና ልናገር? ቢሮው ይዘጋብኛል እኮ፣ ልጄ።»

ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። በቀደመው ሳምንት ከቡታጅራ ያገለገለ ስክሪን ካርድ፣ ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚልከውን ማለት ነው፣ ገዝቼ በእጄ ገጥሜ ነበር። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ ካርዱ ደግሞ የሌላ ፋብሪካ። ሁሉም አምራች በአንድ ደንብ እሠራለሁ ይላል፣ ደንቡን የሚረዳው ግን እንደየራሱ ነው። ኃይል ለመቆጠብ ኮምፒውተሩና ካርዱ አብረው ይተኛሉ፤ አንዱ ሲነቃ ሌላው አይሰማም። እኔም ስገጥመው ስለሠራ ብቻ ተስማምተዋል ብዬ ተውኩት።

እጄን ወደ ማጥፊያው ሰደድኩ።

«አባዬ፣ እንዳትነካው!» ልጄ ጮኻብኝ አታውቅም። አንድ ቁልፍ ስትጫን ኪቦርዱ ላይ ትንሽ መብራት በራች፤ ደግማ ስትጫን ጠፋች። «አየህ? ኮምፒውተሩ ነቅቷል። ያልነቃው ስክሪኑ ነው። ካጠፋኸው ግን ጽሑፉ ይጠፋል።»

«ታዲያ ሳታዪ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሳታዪ ጻፊ ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

ኮምፒውተሩ ሲነቃ የሚጠይቀውን ፓስዎርድ ጥቁሩ ስክሪን ፊት ጻፈች። ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ሴቭ የሚያደርጉትን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነች። ኤሌክትሪክ እንዳይቋረጥ እየፈራሁ ቆሜ አየኋት።

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ካርዱን ነቀልኩት፤ ስክሪኑንም ካርዱ ከመምጣቱ በፊት በነበረበት የኮምፒውተሩ መሰኪያ ሰካሁት። ስናበራው ይግባኙ እስከ መጨረሻው ቃል አለ። ሽማግሌው ከፕሪንተሩ ወጥቶ ገና ያልቀዘቀዘውን ወረቀት ይዘው፣ መርቀውን፣ በባጃጅ ሄዱ።

ላመሰግናት አስቤ፣ ከአፌ የወጣው «በየአንቀጹ ሴቭ አድርጊ» የሚል ነበር።

«አንተም ካርድ ስትገጥም አስተኝተህ ሞክረው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ካርዱን መልሼ ገጠምኩት፤ ኮምፒውተሩን አስተኛሁት፤ ስክሪኑ አልነቃም። ካርዱን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።